የኦቦ ቱፋ አክስት ልቅሶ

ባለፈው ሳምንት የወረዳው አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራሁ። የሰላም ስብሰባ ነው። በር ላይ እስክሪብቶና የታሸገ ውሃ ሰጡኝ፣ ስሜን ደረቴ ላይ ለጠፉብኝ፣ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጠዋት ይጀመራል የተባለው ስብሰባ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ተጀመረ፤ እሱን እንተወው። አንዲት ቀልጣፋ ልጅ በባለ እግሩ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ሰቅላ፣ ወፍራም እስክሪብቶዋን ከፍታ፣ ወደኔ ዞረች። «አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ማኅበረሰቡ ግጭትን በራሱ እንዴት ይፈታ እንደነበር ልምድዎን ያካፍሉናል። አምስት ደቂቃ አለዎት።» አምስት ደቂቃ! ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እኔ በአምስት ደቂቃ የማስጨርሰው ነገር የስም ጥሪ ብቻ ነው። «መልካም ጥያቄ ነው፤ በቅደም ተከተል እንየው» ብዬ ጀመርኩ። ኮልፌ ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ገልጬ ሳልጨርስ ተጨበጨበልኝ። «በጣም እናመሰግናለን አባባ፤ አሁን የሻይ ዕረፍት ነው» ተባለ። በነጩ ወረቀት ላይ ከስሜ ትይዩ አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋ ቀረች፦ «ሽምግልና»።

እየተነጫነጭኩ በአጠና ተራ በኩል ወጣሁ። ገና ከጫካ የመጣ ባሕር ዛፍ እየላጡ ይደረድራሉ። እርጥብ ልጣጭ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የታክሲ ረዳት ክንዴን ይዞ «አባባ፣ አስኮ ነው? ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» ይለኛል። «አስኮስ አይደለም» አልኩት፤ «ግን ከአስኮ የመጡ ለቀስተኞች ነበሩ።» ልጁ አየኝና ሌላ ሰው መጥራት ጀመረ። እሱም ጊዜ የለውም። ስለዚህ በቅደም ተከተል እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ወረቀት አያጨበጭብብኝም።

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ከከተማው ጀርባ የተጣለች ሰፈር ነበረች። ባሕር ዛፍ፣ በመካከሏ አንዲት ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲህ እና ወዲያ የሣር ክዳን ቤቶች። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ነበረ። ሐጂ ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጡ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ወሬ ነበር የሚገኘው፣ እሱም በነጻ። ሴቶቹ ማርትሬዛ ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ጣሊያን ያመጣውን የወረቀት ሊሬ ማንም አይወደውም፤ «ዝናብ የሚያበሰብሰው ገንዘብ» ይሉታል። በሊሬ ስትገዛ በርበሬው ይወደዳል፣ በብር ስትገዛ ይረክሳል፤ ይህን ለተማሪዎቼ በሒሳብ ላስረዳ ሞክሬ እኔም ጠፍቶብኛል። ወደ ታች አዲሱ ገበያ እየተተከለ ነበር። ወደ ምዕራብ በሚሠራው መንገድ ላይ ቀን ሙሉ ድንጋይ ፈላጮች በቅብብል ይዘፍናሉ፤ የካሚዮን ጥሩምባ ሲመጣ ይቆማል፣ ካሚዮኑ ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላል። ትምህርት ቤቴ ስለተዘጋ እኔ በሐጂ ሱቅ ጓሮ፣ የጨው ማስቀመጫው ስር፣ ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። ጢሜ ገና በደንብ አላበቀለም፤ አንገቴን ግን እንደ ሽማግሌ ነበር የማቀናው።

እህቴ እትዬ አስካለ ከወንዙ ወዲያ ትኖር ነበር። ባሏ ታደሰ አናጺ ነው። ሠርጋቸውን ሳስታውስ የማስታውሰው ሚዜውን ነው፤ ደምሴ ይባላል፣ የታደሰ የልጅነት ጓደኛ። እህቴን ከአባቴ ቤት አዝሎ ያወጣት እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሚዜ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ደምሴ ልጅ ሆኖ ከሚሲዮኖች ዘንድ ጣሊያንኛ ተምሮ ነበርና ጊዜው ሲመጣ አስተርጓሚ ሆነ። ካኪ ኮት፣ ቡትስ ጫማ፣ የቡሽ ባርኔጣ። በሐጂ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ወሬው ይቆም ነበር። አንድ ጠዋት ወታደሮች የታደሰን ቤት ክዳን በርብረው ጠመንጃ አገኙና ይዘውት ሄዱ። ደምሴ አብሯቸው ነበር። የጠቆመው እሱ ይሁን፣ ወይስ ቃል ለማስተላለፍ ብቻ ይዘውት መጥተው እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ታደሰ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ እህቴ የደምሴን በር መመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ።

«ሚዜ፣ ታደሰ የት ነው?»

«አላውቅም፣ አስካለ።»

«ከሞተ ልቅሶ ልቀመጥ። ካለ ስንቅ ላቀብል። አንዱን ንገረኝ።»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ!»

ይህን ለዛሬ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ሞቱ ያልታወቀ ሰው ሚስት ጥቁር አትለብስ፣ ጥቁሩን አትተው። ጎረቤት «እግዜር ያጥናሽ» አይላት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አይላት። የሐዘንም የደስታም ባልሆነ ልብስና ሰላምታ መካከል አንድ ዓመት ኖረች። ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን፣ እነ ደምሴ ክርስትና ተጠርተው ቤታቸው ባዶ በነበረበት ሰዓት፣ ከምድጃዋ ፍም በገል ይዛ በጠራራ ፀሐይ ወደ ወንዙ ወረደች። ሰፈሩ በሙሉ አይቷታል። ለጎረቤት እሳት ልታደርስ ነው አሉ። እሳቱም ደረሰ፤ የደምሴ ቤት እስከ ምሰሶው ነደደ።

ደምሴ ሐጂ ሱቅ መጥቶ ባርኔጣውን ጨው ላይ አስቀመጠ። «ያቃጠለውን አውጡልኝ» አለ። «እስከሚቀጥለው ገበያ ካላወጣችሁ ለጣሊያኑ ሹም እናገራለሁ። ከተናገርኩ አንድ ሰው ብለው አይመጡም፤ ሰፈሩን ነው የሚያነዱት። የእናቴ ቤትም እዚሁ ነው። እሱንም አውቃለሁ።»  እኔ ደግሞ የፈራሁት ለእህቴ ነው። ለጣሊያን ከተነገረ ወይ እሷ ትሰቀላለች፣ ወይ በእሷ ፈንታ ማንም የተገኘ ሰው።

እኔ መፍትሔ ነበረኝ። ሦስት ሽማግሌ ይመረጥ፣ በአንድ ከሰዓት ደምሴ ዘንድ ይሂዱ፣ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ቤቱን እንሥራለት፣ አለቀ። ለኦቦ ቱፋ ይህንኑ አስረዳሁ። ኦቦ ቱፋ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በርኖሳቸው ከሳቸው ይበልጥ ያረጀ ነበር። አዳመጡኝና «አውጫጭኝ ይቀመጣል» አሉ። አውጫጭኝ ማለት፣ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የሰፈሩ ወንዶች በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። አንድ የታመነ ሰው ይመረጣል፣ «ወፍ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። አጥፊ ካልተገኘ ሰፈሩ ተባብሮ ይክሳል።

«ኦቦ፣ አጥፊዋ እኮ…» አልኩ።

«ታውቃለህ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አውጫጭኝ ላይ አይነገርም፤» አሉኝ። ይህ አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ችግሩ ጣሊያን መሰብሰብ ከልክሏል። ከጸሎት፣ ከሠርግና ከልቅሶ በቀር ሰው ከተሰበሰበ ጥይት ነው። ሠርጉ ሙሽራ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልቅሶ ይሁን ተባለ። ማን ሞተ እንበል? በዚህ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዳይጠራ፣ ሟርት ነው። ከስንት ውጣ ውረድ በኋላ ኦቦ ቱፋ «አክስቴ ትሁን» አሉ።

«መቼ ሞቱ?» አልኩ።

«እኔ ልጅ ሆኜ።»

«ይሄማ ውሸት ነው፣ ኦቦ!»

«ሞታለች አይደለም እንዴ? ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ዳስ ተጣለ። ከየቤቱ አንድ አንድ እርጥብ አጠና መጣ፣ ቅጠል ተነሰነሰበት፤ ያ ሽታ ከዚያ ጀምሮ በአፍንጫዬ ተቀምጧል። የምሰሶው ጉድጓድ የት ይቆፈር ብለው ተጨቃጨቁ። ማን ከማን በላይ ይቀመጥ ብለው ተጨቃጨቁ። የወንዝ ማዶዎቹ በቀኝ ካልተቀመጥን አሉ፤ የወንዝ ወዲሆቹ ቀኙ የኛ ነው አሉ። በመጨረሻ ሐጂ ሸምሱ መሐል ተቀመጡና ቀኝና ግራው ከሳቸው እንዲቆጠር ሆነ። ደምሴም መጥቶ የባለጉዳዩ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ባርኔጣውን አንስቶ «እንግዲህ እናንተ ቀጥሉ፤ እኔ ሥራ አለኝ» አለ።

ኦቦ ቱፋ ቀና ብለው አዩት። «ባለጉዳዩ ከሄደ ጉዳዩ ምን ያደርጋል? ከአውጫጭኝ ማን ተነሥቶ ያውቃል፣ ደምሴ? አባትህ ተነሥቶ ያውቃል?»

ያ ሰፈር የሚያንቀጠቅጥ ሰው፣ ቡትስ ጫማ ያጠለቀ፣ ጣሊያን ከጀርባው ያለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ስህተት ሊሠራ የሚችለው ኮልፌ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ሄዶ ለሹሙ እንዳይናገር ማንም በገመድ አላሰረውም፤ ያሰረው ሥርዓቱ ነው። ብልሃት አስበው ያደረጉት ይሁን በጭቅጭቅ ብዛት የሆነ፣ ሁለቱንም አምኜ ሁለቱንም ክጄ አውቃለሁ። በነዚያ ሰዎች ብልሃትና ግትርነት አይለይም ነበር።

ከዚያ የሆነውን መጻፍ ራሱ ያደክማል። ስለ ቃጠሎው የሚያወራ የለም። ስለ ጨው መወደድ፣ ስለ አዲሱ ገበያ፣ ስለ ሐጂ በቅሎ እግር። እኔ ሥርዓት ለማስያዝ እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው፣ አስተማሪ?» አሉ ሐጂ። «ዝንብ ነው?»

«አይደለም ሐጂ፣ ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ ለማለት ነው።»

«የት ሄደን ነው የምንመለሰው? ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ሳቁ። ደምሴ ራሱ ሊስቅ ብሎ ተቆጣጠረው።

ይባስ ብሎ ልቅሶው አስኮ ተሰማ። አስኮዎች ደግሞ ልቅሶ አያልፋቸውም። ንፍሮ ተሸክመው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ መንገዱን ሞልተው መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት የኦቦ ቱፋን አክስት በልጅነቷ ታውቃት ኖሯል። «ወይኔ ደጊቱ! ወይኔ ቅቤ ቀቢዋ!» ብላ ስታለቅስ ኦቦ ቱፋ ተነሥተው አቀፏት፤ እውነተኛ እንባ አለቀሱ። በስንት ዓመቱ! አልቅሰው ሲጨርሱ አስኮዎች ሊሄዱ ተነሡ። ከአውጫጭኝ መነሣት የለም ተባሉ። «እኛ ምን አቃጠልን?» አሉ። «የገባ አይወጣም» ተባሉ። ይህን በየትኛው ሕግ ታስረዱታላችሁ?

ወንዶቹ ተቆልፈን ስንቀመጥ ሴቶቹ ይወጣሉ ይገባሉ፤ አውጫጭኝ ሴቶችን አይቆጥርም። ስለዚህ ሰፈር ሙሉ ወንድ ተቀምጦ የሚጠብቃት አጥፊ ንፍሮ በሌማት ይዛ በመካከላችን እየዞረች ታድል ነበር። ደምሴ ከተቀመጠ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እህቴ ፊቱ ቆማ ሌማቱን ዘረጋችለት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ብላ፣ ሚዜ።»

«አልበላም።»

«መርዝ አይደለም። መርዝ ቢኖረኝ እሳት ምን ያደርግልኛል?»

 የሰማው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐጂ ሸምሱ ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ በቅሏቸው እግር እንደገና ጀመሩ፤ ዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ በዚያች በቅሎ ዕድሜ ልኩን ሲጨነቅ የኖረ ይመስል ይጠይቃቸው ገባ። ደምሴ ቀና ብሎ እህቴን አያት። ከዚያ ጥቂት ስንዴ በጣቶቹ ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ጨመረ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ሸምሱ ወፍ ሆኑ። ሰው እየተነሣ በጆሯቸው ይናገራል፤ እሳቸውም ጮክ ብለው ይደግሙታል።

«ነፋስ ነው።»

ቀጣዩ። «ነፋስ ነው።»

ቀጣዩ። «ነፋስ ነው።»

አስኮዎችም «ነፋስ ነው» አሉ፤ በዕለቱ ነፋስ ይኑር አይኑር የት ያውቃሉ! እኔም ተራዬ ሲደርስ ነፋስ ነው አልኩ፤ ግን ነገር ሳይስተካከል ማለፍ አልወድምና «በርግጥ ነፋስ እሳትን ያባብሳል እንጂ አይጭርም» ብዬ ጨመርኩበት። «አሳጥረው» አሉኝ ሐጂ። በመጨረሻ ደምሴ ብቻ ቀረ። ባለጉዳዩም በጆሮ መናገር አለበት። እሱ የሰማውን ሰምቷል፤ «አስካለ» ካለ አበቃ። ተነሣ። ኮቱን አራገፈ። ሐጂ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ያኔ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። አንድ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ወጣት ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ ነው፤ ከሥራ የጠፋ አስተርጓሚውን ፍለጋ የመጣ። ደምሴን እንዳየው መቆጣት ጀመረ። ከዚያ ዳሱን፣ የተሰበሰበውን ሰው አየና እጁ ወደ መሣሪያው ሄደ። ጠየቀ። ከጎዳና የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ ለዚያች ያህል በቃችኝ፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ነው የሚለው። ደምሴ «ቤቴን ያቃጠሉ ሰዎች ናቸው» ማለት ይችላል። አንዲት አረፍተ ነገር ናት። እህቴ ሌማቷን እንደያዘች ምሰሶውን ተደግፋለች።

ደምሴ መለሰ። «ሞርቶ»፣ ሞተ የምትለዋን ቃል ሰማሁ፤ ልቅሶ ነው ብሎታል። ኦቦ ቱፋ ቀና አሉ። ሰውየው ግን አላመነም። ማን ነው የሞተው ብሎ ጮኸ።

ሁላችንም የኦቦ ቱፋን አክስት ጠበቅን።

ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ። የተናገረው አስተርጓሚ የማያስፈልገው ቃል ነበር።

«ታደሰ።»

ካራቢኔሪው ቅንድቡን ሰበሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። አዎን፣ እሱ፣ እንደ ማለት። ስሙን ያውቀዋል። ደምሴ ብቻውን ለእህቴ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ላታምነው ትችል ነበር፤ ያ የማያውቃት ልጅ ራሱን መነቅነቁ ግን ጨረሰው። ሰውየው ነገ በጠዋት ድረስ ብሎት ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ንፍሮው መሬት ላይ ተበትኗል። የአስኮዋ ባልቴት ጮኸች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። እህቴ አልጮኸችም። ወደ ደምሴ ሄደች።

«መቼ?»

«ከወሰዱት በሳምንቱ።»

«ዓመት ሙሉ ስመላለስብህ!»

«ካልነገርኩሽ ያልሞተ ይመስለኝ ነበር» አለ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። «ካልነገርኩሽ፣ አስካለ…»

እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። እኔ ትመታዋለች ብዬ ነበር። «ተቀመጥ፤» አለችው። «የሚዜው ቦታ እዚያ ነው።» በጓደኛ ልቅሶ እንደሚቀመጠው ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው እሷ የጮኸችው።

ልቅሶው እንደ ወጉ ተለቀሰ። ዳሱ ቀድሞ የተተከለ፣ ለቀስተኛው ቀድሞ የመጣ፣ ንፍሮው ቀድሞ የተቀቀለ ልቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሲያበቃ ዳሱን አፈረሱ፤ ኦቦ ቱፋ አንዱን አጠና ከሥሩ ነቅለው ወደ ትከሻቸው አወጡና ቁልቁል ወደ ደምሴ አመድ መሄድ ጀመሩ። ሌላውም ሰው አጠናውን እየነቀለ ተከተላቸው። እኔ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ኦቦ፣ ውሳኔው ምንድን ነው?»

«የምን ውሳኔ?»

«አውጫጭኙ እኮ አልተዘጋም! ደምሴ በሐጂ ጆሮ አልተናገረም። አጥፊ ተገኘ ወይስ አልተገኘም? የታደሰስ ጉዳይ በማን ይጠየቃል? ምርቃት የለ፣ መሐላ የለ፣ እንዲህ ብሎ ነገር…»

«አስተማሪ» አሉ ኦቦ ቱፋ እያለከለኩ፣ «ያንን ጫፉን ያዝ።»

ያዝኩ። ቤቱ ቆመ፤ ግድግዳው የሰፈሩ ሁሉ አጠና ነው። የምርጊቱ ቀን እህቴ ጥቁር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃውን በእግሯ ታቦካ ነበር። ማንም አልጠራትም፤ ማንም ሂጂ አላላትም። ደምሴ ኮቱን አውልቆ ከወንዝ ውሃ እየቀዳ ያፈስላታል። «ጨምር፣ ሚዜ» ትለዋለች፤ ይጨምራል። ሌላ ቃል በመካከላቸው አልሰማሁም። ይቅር ብላው እንደሆነ አልነገረችኝም። በኋላ ዘመን ጠይቄያት «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር!» ብላ ተቆጥታኛለች።

ያቺ የስብሰባው ልጅ ትናንት ስልክ ደወለችልኝ። ለሪፖርቱ አንድ ነገር ጎድሏት ነው፤ በኔ ስም ትይዩ «ውጤት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። አልተወሰነም ብለሽ ጻፊ አልኳት። «አባባ፣ ያልተወሰነ አይባልም እኮ፤ ተስማሙ ወይስ አልተስማሙም?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። የጠየቅኳቸው ሰዎች ግን ሁሉም ሞተዋል። ጉባኤው ተዘግቷል ብሎ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ እኔም ያንን ጫፉን ልቀቅ ያለኝ የለም።